ገጹ ላይ ያሉት አባባ

የኮሌጁን በር አልፌ እንደገባሁ ሻንጣዬን ጣልኩና በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ ጉልበት ላይ ተደፋሁ። ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም። ከጅዳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ በአቀስታ አድርጌ መካነ ሰላም እስክገባ ድረስ በልቤ ስለማመደው የነበረው ይኼንኑ ነው።

«አባባ፣ መጣሁልዎ! ፈርሂያ ነኝ!»

እሳቸው ደንገጥ አሉ። ጋቢያቸውም፣ ከዘራቸውም፣ ነጭ ጺማቸውም ልክ ፌስቡክ ላይ ባየሁት ፎቶ እንዳለው ነው። ለአፍታ ዓይን ዓይኔን አዩኝና እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ምርቃቱን አወረዱት። «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የወጣሽበት ይቅናሽ...» እኔ «አሚን፣ አሚን» እላለሁ፤ እንባዬ ይወርዳል። የወሎ ሽማግሌ እኮ ጉልበቱን ለሳመው ሰው ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ ሳይል ነው የሚመርቀው። ያን ቀን ይኼን ባስታውስ ኖሮ ይኼ ሁሉ ጉድ አይመጣብኝም ነበር።

ከጅዳ ያመጣሁላቸውን ብርድ ልብስ አስታቀፍኳቸው። ቀና ስል ቢሮው መስኮት ላይ አንድ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ወጣት ቆሞ ያየኛል። ዓይናችን ሲጋጠም እንደ ሌባ ዞር አለ። ምን ያፈጣል ይኼ ደግሞ አልኩ በልቤ። ግን ደስ ብሎኝ ስለነበር ወዲያው ረሳሁት።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጅዳ ሰው ቤት ነበር የምሠራው። ቀትር ላይ እመቤቴ ስትተኛ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ እልና በቤቱ ዋይፋይ ፌስቡክ እከፍታለሁ። አንድ ቀን የአገሬ ስም ፊቴ ድቅን አለ። መካነ ሰላም ያለ የግል ኮሌጅ ገጽ ነው። ሌላው ኮሌጅ ሁሉ ጋውን የለበሰ፣ ቆቡን ወደ ሰማይ የወረወረ ተማሪ ነው የሚለጥፈው። እኔን እዚያ መሀል ማን ያስገባኛል እያልኩ አልፈው ነበር። እዚህ ግን አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል። ከፎቶው ሥር «የ2008 ዓ.ም. ምዝገባ ተጀምሯል፤ ለበለጠ መረጃ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። ሽማግሌ ደግሞ አያስፈራም።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ» ብዬ ጻፍኩ። «አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ አልመጣልኝም። ፋርማሲ መማር እፈልጋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አረጀሽ ትሉኛላችሁ?»

መልሱ ሲመጣ ሩዙ ሊያርብኝ ነበር።

«ወአለይኩሙ ሰላም ልጄ። ሃያ ሦስት ዓመት እርጅና ከሆነ እኛማ ምን ልንባል ነው? በቴክኒክና ሙያ ደረጃ ትገቢያለሽ። ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ።»

ልጄ! ይቺን ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ የዳሩኝ ሰው ነኝ። ከባሌ ቤት ጠፍቼ ደሴ፣ ከደሴም አረብ አገር ገባሁ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። እናቴ ታነሳና ድምፅዋን ቀንሳ «ደህና ነሽ? ደህና ነን» ብላ ትዘጋለች። ታዲያ አንድ ሽማግሌ ከአገሬ፣ ያውም ሳልለምነው፣ ልጄ ሲለኝ ምን ልሁን?

ትምህርቱን መጠየቅ ቶሎ አለቀ፤ ወሬው ግን ቀጠለ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ እንደማለቅስ ነገርኳቸው። ባሌ ቤት ያየሁትን፣ ለእናቴ እንኳ ያልተነፈስኩትን፣ አንድ በአንድ ጻፍኩላቸው። «አይዞሽ ልጄ፤ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» አሉኝ። ያን ቀን ቧንቧ ሳልከፍት አለቀስኩ። ዱዓ ያድርጉልኝ ስላቸውም ያደርጋሉ፤ ቀለል ያለች፣ አጭር ዱዓ። ወላሂ፣ የመጣሁት ለፋርማሲው ብቻ አይደለም። ለሳቸውም ነው።

መካነ ሰላም አክስቴ ይርገዱ ዘንድ አረፍኩና ተመዘገብኩ። አባባ ዘበኛ መሆናቸውን ያየሁት በማግስቱ ነው፤ መኪና ሲመጣ በር ይከፍታሉ። ስማቸውም ንጉሡ ነው። ቢሆንስ? ጅዳ የምሠራበት ሕንፃ በረኛ በሁለት ስልክ ሕንፃውን በሙሉ ሲያስተዳድረው አይቻለሁ፤ ውሃውም፣ ኪራዩም፣ ደብዳቤውም በሱ እጅ ነው። ክርስቲያን ሆነው ዱዓ ማድረጋቸውም አልገረመኝም፤ እኛ አገር ማን ይኼን ይለያል? ጭራሽ ክብራቸው ጨመረብኝ። ሰው ሲያጡ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን አፍንጫቸው ሥር አድርገው ያያሉ፤ ለኔ የሚጽፉልኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

ፊት ለፊትማ እንዴት ይወራል? የጻፍኩትን ሁሉ ያነበበ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ባል ቤት ማንሳት ነውር አይደለም እንዴ? እሳቸውም አያነሱም። «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ?» ብቻ ይሉኛል፤ እኔም «አልሐምዱሊላህ አባባ» ብዬ እገባለሁ። ምስጢር ጠባቂነታቸውን እያሰብኩ ልቤ ይሞላል።

ያ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው ልጅ ሳዲቅ ይባላል። መዝገብ ቤት ነው፤ ዲግሪ አለው፤ ኮምፒዩተሩ ከሱ አይለይም። ስመዘገብ ቀና ብሎ አላየኝም። «የአባት ስም?» ይላል፤ «የትውልድ ዓመት?» ይላል፤ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው። ይንቀኛል ብዬ ተናደድኩ። የተማረ ሰው ከአረብ አገር የመጣችን ልጅ እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ስልኳን ያያል፣ ከዚያ ጫማዋን ያያል፣ ከዚያ ፈገግ ይላል። እሱ ግን ፈገግም አላለም።

እየዋለ እያደረ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ክፍል ውስጥ ከኔ በዕድሜ የሚያንሱ ልጆች ናቸው ያሉት፤ መምህሩ እንግሊዝኛውን ሲያፈጥነው እኔ እቀራለሁ። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ የመድኃኒት ስሞች በአማርኛ ፊደል እንዴት እንደሚነበቡ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠኝ። «ለሁሉም ነው የምሰጠው» አለ። ጓደኞቼን ብጠይቅ ለማንም አልሰጠም። ዝናብ የያዘን ቀን ደግሞ መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ተጠልዬ ሳለ ወንበሩን አውጥቶ ሰጠኝና ራሱ ቆመ። ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ፣ አፌ የማይዘጋው ሴትዮ፣ እኔም አልተናገርኩም። ሲያባራ አዘንኩ።

በማግስቱ ለአባባ ጻፍኩ።

«አባባ፣ አፍሬ ነው የምጽፍልዎ። እርስዎ አባቴ ስለሆኑ ነው። መዝገብ ቤት ያለው ሳዲቅ የሚባለው ልጅ ሲጽፍ አንገቱን ይደፋል። ማጅራቱ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። እሷን ሳይ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ እጄ ሄዶ ሊነካት ይፈልጋል። ነውር ነው? ልጁስ እንዴት ያለ ነው? እርስዎ ያውቁታል። ያየሁትን ሁሉ አይቼ፣ ወንድ የሚባል አልፈልግም ብዬ፣ አሁን ምን ነካኝ?»

ሲነጋ በር ላይ አባባን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው እንደ ሁልጊዜው «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ። አይ ጨዋነት! ምንም እንዳላነበቡ ሆኑልኝ።

መልሱ ግን ቀናት ቆየ። የመጣውም ይኼ ነው። «ልጄ፣ ያ ልጅ ላንቺ አይሆንም። ተይው።»

ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ለምን እንደማይሆን አልጻፉም። ባለጌ ነው? የታጨችለት አለች? ወይስ ፈት ነሽ፣ አረብ አገር ሰው ቤት የኖርሽ ነሽ፣ እሱ ባለ ዲግሪ ነው ማለታቸው ነው? ይቺ የመጨረሻዋ ገደለችኝ። ግን አባት ካለ አለ ነው። የገዛ አባቴን ቃል ረግጬ ምን እንደደረሰብኝ አውቃለሁ፤ ሁለተኛ አልረግጥም ብዬ ማልኩ።

ሳዲቅ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ፈርሂያ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«አትንገረኝ።»

«አንዴ ስሚኝ ብቻ።»

«ስማ፣ አንተ ለኔ አትሆንም። ሰው ነግሮኛል።»

ግድግዳውን ተደገፈ። ይስቃል ወይም ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «እውነቱን ነው የነገረሽ» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። ቀኑን ሙሉ ያቺ ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ከዚያ ወዲያ መማር አቃተኝ። ወረቀቱን አፈጥበታለሁ እንጂ አላነበውም። በመጨረሻ ይሉኝታዬን ዋጥ አደረግኩና አባባ ዘንድ ሄድኩ። ድንጋያቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ያመጣሁላቸውን ብርድ ልብስ ከጋቢያቸው ላይ ደርበውታል። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ያ ልጅ ለምንድን ነው የማይሆነኝ?»

«የቱ ልጅ?»

«የጻፍኩልዎ።»

«ምን ጻፍሽልኝ?»

ለኔ ክብር ብለው የደበቁኝ መሰለኝ። «አባባ፣ ግድ የለዎትም፣ ሰው የለም እኮ። የጻፉልኝን አንብቤያለሁ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አኖሩና ትክ ብለው አዩኝ። «አይ የኔ ልጅ። እኔ ፊደል የሚባል አልቆጠርኩም። ስሜንም በጣቴ ነው የምፈርመው።»

«በስልክዎስ?»

ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። ባለ ቁልፍ ስልክ ናት፤ የእጅ ባትሪ ያለባት። ሰዓቷን ነበር አፍንጫቸው ሥር አድርገው የሚያዩት። የኔን ስልክ ከፍቼ ገጹን ፊታቸው አደረግኩት። አባባ ፎቷቸውን ሲያዩ ሳቃቸው መጣ።

«ውይ! ይኼማ ሳዲቅ ያነሳኝ ነው። ያላለቀውን ፎቅ በሰውነትዎ ይከልሉልኝ ብሎ አቆመኝ። እዚህ ውስጥ ገብቻለሁ እንዴ?»

«የሚጽፈው ማን ነው?»

«ምኑን?»

«እዚህ ላይ፣ ከሰው ጋር የሚጻጻፈው ማን ነው አባባ?»

«እሱ ነዋ። ሥራው አይደል? ከአረብ አገር ልጆች ጋራ ሲጻጻፍ ነው የሚውል፤ ተማሪ ያመጣል ይላሉ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለውን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቧንቧውን አነበበ። የባሌን ቤት አነበበ። ስመዘገብ «የትውልድ ዓመት?» ሲለኝ ሁሉን አንብቦ ነው። ከዚያ ማጅራቱ ትዝ አለችኝ። ያ አላህ! ማጅራቱን! እጄ ሄዶ ሊነካት ይፈልጋል ያልኩትን ለራሱ ነው የጻፍኩለት። ፊቴ ነደደ፤ ጆሮዬ ጮኸ፤ ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ ሳብኩት።

አባባ ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው። ሳቃቸው ጠፋ። «ታዲያ ያን ቀን ጉልበቴን የሳምሽኝ...»

«እርስዎ መስለውኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሰው አክባሪ ልጅ ብዬ መረቅኩሽ።» ብርድ ልብሱን ከትከሻቸው ማውረድ ጀመሩ። «እንግዲያ ይኼ የኔ አይደለም። እንኪ የኔ ልጅ። የሌላ ሰው ለብሼ ከርሜያለሁ።»

እሳቸው ምን ባጠፉ! እጃቸውን ይዤ መልሼ አለበስኳቸው። እሳቸውም እንደኔ አፍረዋል።

ተነሳሁና ቀጥ ብዬ መዝገብ ቤት ገባሁ። የኮሌጁ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ የሻለም አጠገቡ ቆማ አንድ ወረቀት ታሳየዋለች። ሳዲቅ ቀና ሲል ስልኩን እጄ ላይ አየ፤ ዓይኔን አየ፤ ገባው። ቀለሙ ሲሄድ አየሁት።

ስንት ስድብ አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ሁሉም ጠፋብኝ።

«እንዴት ዋሉ አባባ?» አልኩት።

ወይዘሮ የሻለም ግራ ገብቷት አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። «ምን አለች?» ትላለች። ሳዲቅ ከወንበሩ ተነሳ። ጀርባዬን ሰጥቼው ወጣሁ። በሩን ሳልፍ ነው እንባዬ የመጣው፤ እዚያው ፊቱ ሳይመጣ በመቅረቱ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

አክስቴ ቤት ገብቼ ተሸፋፈንኩ። መጀመሪያ ጅዳ የላከኝን ደላላ ደወልኩለት፤ መልሰህ ላከኝ አልኩት። ጅዳ ይሻለኛል። እዚያ ማንም ልቤን አያውቅም፤ ስሜንም በወጉ አይጠሩትም። አክስቴ ይርገዱ ስንዴ እየለቀመች ታየኛለች።

«ሰው ሞተብሽ?»

«አልሞተብኝም።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታለቅሺው?»

ነገርኳት። ሙሉውን አይደለም፤ የማጅራቱን ነገር ዘለልኩት። አክስቴ ሳትስቅ ሰማችኝና «መቼም ሳያውቁሽ የተወዳጁሽ ብዙ ናቸው፤ ይኼ ግን ሁሉን አውቆልሽ፣ በራሱ አፍሮ ነው የሸሸው» አለችኝና ወደ ስንዴዋ ተመለሰች። ተናደድኩባት። ማንም እንዲያጽናናኝ አልፈለግኩም።

በሁለተኛው ቀን ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ገጹ ላይ ያለው የአባባ ፎቶ ተነስቶ የሳዲቅ ፎቶ ገብቷል። ያ ሰማያዊ ሹራብ። ከሥሩ እንዲህ ይላል።

«ይህን ገጽ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሳዲቅ እባላለሁ። ሽማግሌ አይደለሁም፤ ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ፎቶው ላይ ያሉት አባታችን ከናንተ ጋር አንድም ቃል ተጻጽፈው አያውቁም፤ ጥፋቱ እሳቸውን አይነካም። አባባ ስትሉኝ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ዝም ያልኩት በመጀመሪያ ተማሪ እንዲመጣልኝ ነው፤ በኋላ ደግሞ መታመኑ ስለጣፈጠኝ ነው። የነገራችሁኝን ለማንም አልነገርኩም። ይቅርታ ጠይቄ የምጨርሰው አይደለም። አፍሬያለሁ።»

የኔን ስም አላነሳም። ከሥር ግን የሰው አስተያየት ይወርዳል። ሳቁ፣ ስድቡ፣ እርግማኑ። «ወይኔ አባባ የሉም?» ትላለች አንዷ ከኩዌት። «ባለጌ! ስንቱን አውርቼልሃለሁ!» ትላለች ሌላዋ ከቤይሩት። አንዷ ደግሞ «እኔ ግን በሱ ምክር ነው እስካሁን በሕይወት ያለሁት» ብላለች። አይ እኔ! ለካ ልጄ የተባልኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ምን ያህሎቻችን ነን ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብለን ልጄ መባልን የምንጠብቅ? መቅናትም ማዘንም መጣብኝ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለራሴም አልታወቀኝም።

ከሰዓት በኋላ የአክስቴ በር ተንኳኳ። አባባ ንጉሡ ናቸው። ብርድ ልብሱን አጣጥፈው ይዘውታል። ከኋላቸው ሳዲቅ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ቤቶች! ደህና ዋላችሁ?» አሉ አባባ። «እኔ ሳልጽፍ አባት የተባልኩ ሰው ነኝ፤ እንግዲህ በተባልኩበት ልሥራበት ብዬ መጣሁ። ይኼን ልጅ ከገጹ ላይ አንስተውታል፤ ወይዘሮ የሻለም ኮሌጁን አዋረድከው ብላ አባረረችው። እኔ ይቅር በይው ልልሽ አልመጣሁም። ፊትሽ ቆሞ ይፈር፤ ከዚያ የፈለግሽውን በዪው።» ብርድ ልብሱን ለአክስቴ አቀበሉና በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። «እኔ ጆሮዬም ብዙ አይሰማ።»

አክስቴ ስንዴዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ሳዲቅ ከፊቴ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ነጠላዬን ሳብኩ። ከዚያ ተውኩት። ምኑን እደብቃለሁ? ያልደረሰበት የለ።

«አይሆንሽም ያልከው የምርህን ነው?» አልኩት።

«የምሬን ነው። እዚያ ገጽ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነው።»

«እሱን ማን ወስን አለህ?»

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ወጣት ነኝ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ትሸሺኝ ነበር። መጀመሪያ ወይዘሮ የሻለም የአባባን ፎቶ እንዳትነካው አለችኝ፤ ወላጆች ሽማግሌ ሲያዩ ልጃቸውን ይልካሉ አለችኝ። ከዚያ አንቺ መጣሽ። ከዚያ በኋላ እሷ አዝዛኝ አይደለም። የመጣሽ ቀን በመስኮት ሳይሽ ሮጬ ወጥቼ እኔ ነኝ ልልሽ ፈልጌ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ። ጉልበታቸውን ስትስሚ እያየሁ ቀረሁ።»

ንዴቴ መለስ አለ። «አንተ የኔን ሁሉ ታውቃለህ። ቧንቧዬን ታውቃለህ፣ ባሌን ታውቃለህ፣ ስላንተ የጻፍኩትን...» ፊቴ እንደገና ነደደ፤ ግን ጨረስኩት። «ስላንተ የጻፍኩትንም ታውቃለህ። እኔ ግን ስላንተ ምንም አላውቅም። እኔ ዕርቃኔን፣ አንተ ሹራብህን ለብሰህ እንዲህ አንነጋገርም። ለማንም ያልነገርከውን፣ የምታፍርበትን ንገረኝ። ካለዚያ ተነስና ሂድ።»

ወደ በሩ ዞሮ አየ። የሚሄድ መሰለኝ። እንዳይሄድ ምን ያህል እንደፈለግኩ ያወቅኩት ያኔ ነው።

«እናቴ ኩዌት ናት» አለ። «ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እዚህ ለሁሉም ደሴ ነጋዴ ናት ነው ያልኩት። ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነው ያልኩት። ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የተመረቅኩበትን ሱፍ የላከችልኝ እሷ ናት።» የሹራቡን ጫፍ ጎተተ። «መጻፍ ስለማትችል በኢሞ የድምፅ መልእክት ነው የምትልክልኝ። አልከፍታቸውም። ከተመረቅኩ ወዲህ አንዱንም አልከፈትኩም። መጀመሪያ ሰው እንዳይሰማብኝ ነው። አንቺ ቧንቧ ከፍቼ አለቅሳለሁ ያልሽኝ ቀን እሷ ትዝ አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ፈራሁ። ለሰው ልጅ ሁሉ አይዞሽ እያልኩ ስጽፍ እውላለሁ። ለሷ ምን ብዬ ልመልስ?»

ልሰድበው ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። የኔ አባት ስልኬን አያነሳም፤ ይኼ ደግሞ የእናቱን አያነሳም። አንዱ በልጁ ያፍራል፣ አንዱ በእናቱ። እኔና ኩዌት ያለችው ሴትዮ መሀል ላይ ቀርተናል። ለሷ አዘንኩ፤ ለሱም ደግሞ፣ ሳልፈልግ፣ አዘንኩ።

«ስልክህን አምጣ።»

«ፈርሂያ...»

«አምጣ አልኩህ!»

ሰጠኝ። ስሟን ማግኘት አላቃተኝም፤ ከላይ ነች፤ ያልተከፈቱት መልእክቶች ተደርድረውባታል። ፎቶዋ ላይ ሒጃብ አድርጋ ትልቅ ፍሪጅ አጠገብ ቆማለች። እንዲህ ያለ ፎቶ እኔም አለኝ። ደወልኩ። ሳዲቅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ወዲያው አነሳችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ ያን ሹክሹክታ አውቀዋለሁ፣ እመቤት አጠገብ ስትኖር የሚወጣ ድምፅ ነው።

«ሳዲቄ? ሳዲቄ፣ አንተ ነህ?»

«አሰላሙ አለይኩም እማማ» አልኩ።

የማታውቃትን ሴት ድምፅ ከልጇ ስልክ ስትሰማ ትንፋሿ ቆመ። «ማን ነሽ? ልጄን ምን አገኘብኝ? ሞተ? ንገሪኝ፣ ሞተ እንዴ?»

«ኧረ የለም እማማ! ወላሂ ደህና ነው። አጠገቤ ተቀምጧል።»

«ታዲያ ለምን እሱ አይናገርም?»

ሳዲቅን አየሁት። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ልዋሽላት እችል ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ጉሮሮውን አሞት ነው ልላት እችል ነበር። ውሸት ሰልችቶኛል።

«አፍሮ ነው» አልኳት።

ከወዲያ ማዶ ሰሃን ሲንኳኳ ይሰማኛል። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀች።

«በኔ?»

ሳዲቅ ቀና አለ፤ ፊቱ በእንባ ርሷል። እጁን ዘረጋልኝ። ስልኩን ሰጠሁትና ባዶውን እጄን ማጅራቱ ላይ አኖርኩት።